ለ8 ወርና ለ2 ዓመት ልጅ ደረቅ ምግብ ስመርጥ «ኦርጋኒክ» የሚለውን ልመን? (ሐዋሳ)

የአቶቴዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። የ8 ወር ሴትና የ2 ዓመት ከ3 ወር ወንድ ልጅ አሉኝ፤ ያለነው ሐዋሳ ነው። ሥራ ልጀምር ስለሆነ ሞግዚቷ በአጭር ጊዜ የምታሰናዳው ደረቅ ምግብ ቤት ውስጥ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ምርጫዬ ሦስት ነው። አንደኛው ዘመድ ከውጭ የሚልከው ኦርጋኒክ የተባለ ነው፦ የሩዝና የአጃ ዱቄት፣ ፍሪዝ ድራይድ (በረዶ ተደርጎ የደረቀ) እንጆሪና ሙዝ፣ የደረቀ አፕሪኮት፣ ዘቢብ። ሁለተኛው ገበያ ላይ በኪሎ የሚሸጠው ምጥን ነው፤ 15 ዓይነት እህል አለበት፣ ኦርጋኒክም ነው ይላሉ። ሦስተኛው ራሴ ስኳር ድንች፣ ካሮትና ሽፈራው ማድረቅ ነው።

የትኛው ለየትኛው ልጅ ይሆናል? በሐዋሳ አየር ሳይበላሽ ምን ያህል ይቆያል? እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ፤ «ጥሩ ነው»፣ «አይጠቅምም» ብቻ የሚል መልስ ብዙ ሰምቻለሁ።

ገበታ ሐዋሳ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል ቦታውን እናሲዘው። ቃሉ የሚናገረው እህሉ ወይም ፍሬው እንዴት እንደተመረተ ነው፤ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ አልገባበትም ነው የሚለው። ሻጋታ የለበትም አይልም። የብረት ንጥረ ነገር አለው አይልም። ስኳር የለውም አይልም። ለ8 ወር ልጅ ጉሮሮ ይመቻል አይልም። ሕፃን ልጅን የሚጎዱት ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ አራቱ ናቸው።

ከውጭ የመጣው እውነት ኦርጋኒክ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ከአውሮፓ ከሆነ በ12 ነጭ ኮከቦች የተሣለ ቅጠል ያለበት አረንጓዴ ምልክት፣ አጠገቡም «ባዮ» ወይም ያንን የመሰለ ቃል ከአገር መለያና ከቁጥር ጋር ታገኛለሽ። ከአሜሪካ ከሆነ ክቡ የዩኤስዲኤ (የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር) ምልክት አለው፤ ያ ምልክት ያለበት ዕቃ ቢያንስ 95 ከመቶ ኦርጋኒክ ነው። «በኦርጋኒክ ግብዓት የተሠራ» የሚለው ግን 70 ከመቶ ብቻ ነው የሚጠየቀው፤ ምልክቱንም መለጠፍ አይፈቀድለትም። ገበያ ላይ በጆንያ ተከፍቶ የሚሸጠው ምጥን «ኦርጋኒክ» ሲባል የሻጩ ቃል ነው። በአገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አለ፤ ነገር ግን ማረጋገጫ የሚያወጡት በአብዛኛው ቡናን የመሰለ ለውጭ ገበያ የሚልኩ አምራቾች ናቸው። ስለዚህ ሻጩን «ኦርጋኒክ ነው?» ከማለት «የነቀዝ መድኃኒት ገብቶበታል? ከመቼ ጀምሮ ነው የተከማቸው?» ብለሽ ብትጠይቂ የበለጠ ይጠቅምሻል። ማሳ ላይ ምንም ያልተረጨ እህል ጎተራ ውስጥ ክኒን ሊገባበት ይችላል።

አሁን ወደ ፓኬቱ። ከአውሮፓ የሚመጣ ኦርጋኒክ የሕፃናት ዱቄት ብዙ ጊዜ የተጨመረበት ቫይታሚን ቢ1 ብቻ ነው። የአውሮፓ የኦርጋኒክ ሕግ ማዕድንና ቫይታሚን መጨመርን የሚፈቅደው ሌላ ሕግ ሲያስገድድ ነው፤ ለሕፃናት እህል ዱቄት የሚገደደው ደግሞ ቢ1 ነው። ብረት የለውም ማለት ነው። ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልገዋል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ከአሜሪካ የሚመጣው ኦርጋኒክ ዱቄት ግን ብዙ ጊዜ ብረት የተጨመረበት ነው። የፓኬቱን ጀርባ አዙሪና ብረት የሚለውን መስመር ፈልጊ፤ መስመሩ ከሌለ ዱቄቱ ጥሩ ሆድ መሙያ ነው፣ ብረቱን ግን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለብሽ።

ሩዙን የየዕለት ምግብ አታድርጊው። ሩዝ ከአፈርና ከውኃ አርሴኒክ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ይስባል፤ ኦርጋኒክ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት የሩዝ ዱቄት በኪሎ 100 ማይክሮ ግራም የሚል ገደብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። አጃውን ዋና አድርጊው፣ ሩዙን በሳምንት ሁለቴ ብቻ አስገቢው።

አፕሪኮቱን ቀለሙን እዪ። ደማቅ ብርቱካናማ ከሆነ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ (ኢ220) የታከመ ነው፤ ቡናማና ጠቆር ያለው ያልታከመው ነው። ብዙ ሰው ቡናማውን «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ ኦርጋኒክ ከሆነ መልኩ እንዲያ ነው። ወርቃማ ዘቢብም እንደዚሁ የታከመ ነው። ይህ ማከሚያ (ሰልፋይት ይባላል) አስም ላለበት ልጅ አስሙን ሊያስነሣበት ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የማብቂያ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 05/26 የሚል ካየሽ ግንቦት 23 ቀን 2018 ድረስ ነው። ሞግዚቷ በእኛ አቆጣጠር አንብባ «ገና 8 ዓመት ይቀረዋል» እንዳትል በእኛው ቀን ጻፊበት።

ነርስ ከታቦር፦

ገበታ ሐዋሳ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ በዕድሜ ልከፋፍለው።

ለ8 ወሯ፦ ጡት እየጠባች ከሆነ ከተጨማሪ ምግብ የሚጠበቀው በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከ12 እስከ 23 ወር 550 ይሆናል። አሁን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ እስከ ግማሽ ኩባያ (125 ሚሊ ሊትር) ይበቃታል። ሆዷ ትንሽ ስለሆነ ቀጭን አጥሚት ውኃ ነው የሚሞላት። ገንፎው ማንኪያው ላይ የሚቆም፣ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆን አለበት። ሲቀርብ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ብትጨምሪበት 40 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ታገኛለች፤ መጠኑም አይጨምርባትም።

ለብረቱ፦ በደንብ የተፈጨ ሥጋ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ማንኪያ ጉበት፣ ምስር። ምስርና ጤፍ ውስጥ ያለው ብረት ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ እዚያው ማዕድ ላይ ፓፓያ፣ ብርቱካን ወይም ትንሽ የሎሚ ጠብታ ይኑር። ሻይ ለሁለቱም አይሰጥ፤ በተለይ ከምግብ ጋር ብረቱን አስሮ ያስወጣዋል። ማር ለትንሿ እስከ 12 ወር ፈጽሞ አይቀመስ፤ የቦቱሊዝም ጀርም ዘር ሊኖርበት ይችላል፣ ማፍላትም አይገድለውም። ጨውና ስኳርም አያስፈልጋትም። ልጅሽ ቀኗ ሳይደርስ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ሆና ተወልዳ ከሆነ ብረትን በምግብ ብቻ አትጠብቂ፤ ጤና ጣቢያ ስለ ጠብታ አነጋግሪ።

አሁን ትን ስለሚለው ነገር። ዘቢብ ለትንሿ አይሰጥ። ለትልቁም ቢሆን ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊውና አራት ቦታ ክተፊው፤ ተቀምጦ ይብላ፣ እየሮጠ አይደለም። ሙሉ ኦቾሎኒ 5 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አይሰጥ። አፕሪኮቱ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ሲፈጭ ለትንሿም ይሆናል፤ ነገር ግን ሆድ ያላላል፣ በአንድ ፍሬ ጀምሪ።

ፍሪዝ ድራይድ ፍሬውን ብዙ ሰው አፍ ውስጥ ስለሚቀልጥ ያምነዋል። የሚቀልጠው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። በሁለት ጣት ሲጫኑት ብትን ማለት አለበት። ተከፍቶ ከቆየ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣና እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ ያኔ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቅ ነገር ሆኗል። ለትንሿ ዱቄት አድርገሽ ገንፎ ላይ ነስንሺው፣ ለትልቁ ቁርጥራጩን ስጪው። ከፓኬቱ የሚወጣው የሚበላው ያህል ብቻ ይሁን፣ አፉም ወዲያው ይዘጋ።

የምጥን ባለሙያ፦

ስለ 15 ዓይነቱ ምጥን እኔ ልናገር። እህል ባበዛን ቁጥር ምግቡ የሚበረታ የሚመስለን አለን፤ ግን እንደዚያ አይደለም። 15 ዓይነት ያለበት ዱቄት ልጅቷ ሰውነቷን ሽፍ ቢያደርጋት የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ከ15ቱ አንዱ ሻጋታ ካለበት ደግሞ ሁሉም ሻጋታ አለበት። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ተልባና ሱፍ አብረው ከተፈጩ ዘይታቸው ዱቄቱን በጥቂት ሳምንት ያሻግተዋል፤ የቆየ ዘይት ሽታ የሚሸተው ለዚህ ነው። ከሁሉ በላይ ጓያ! ርካሽ ክክ ውስጥ ይደባለቃል፣ ከተፈጨ በኋላ በዓይን አይለይም፤ እግር ሽባ የሚያደርገውም እሱ ነው። ለሕፃን የሚሆን ጥራጥሬ በፍሬው ገዝተሽ በእጅሽ ካልለቀምሽው አትመኚው።

ሌላው አፍላቶክሲን ነው። በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚተወው መርዝ ነው፤ መቁላትም ማፍላትም አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት ለሕፃናት እህል የሚፈቅደው የአፍላቶክሲን ቢ1 መጠን በኪሎ 0.1 ማይክሮ ግራም ነው፤ ለአዋቂ ከሚፈቀደው 2 ማይክሮ ግራም 20 እጥፍ ያነሰ። ገበያ ላይ የተፈጨውን ምጥን ማንም አልመረመረውም።

አራት ዓይነት ይበቃል፤ ምጣኔው ሁለት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ነው። 1 ኪሎ ጤፍ፣ 1 ኪሎ ገብስ፣ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ፣ ግማሽ ኪሎ ምስር። የእህሉ ፕሮቲን የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላል፤ ጥራጥሬው ከዚህ ከበዛ ደግሞ ሆድ ይነፋል።

ጤፉ አሸዋው እስኪጠራ በብዙ ውኃ ይታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይሰጣ። ገብሱ ተሸክሽኮ ገለባው ይውጣ። ሽምብራው ለ12 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውኃው አንዴ ይቀየር፣ ይድረቅ፣ ታምሶ ይከካ፣ ልጣጩ ይነፍስ። መዘፍዘፉ ብረትና ዚንክን የሚያስረውን ፋይቴት ይቀንሳል፣ ልጣጩም የሆድ ነፋቱ ምክንያት ነው። ማመሱ ለስላሳ ይሁን፤ ሽታው ሲመጣ፣ መልኩ ሳይጠቁር ይውረድ። ከጠቆረ ለልጅ የሚያስፈልገው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ይቃጠላል። ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ ይቀላቀል፤ ትኩሱን ከረጢት ውስጥ ከከተቱት ላብ ያወጣል፣ ከዚያ ሻጋታ ነው።

ወፍጮ ቤት በማለዳ ሂጂ። ከአንቺ በፊት በርበሬ ወይም ሽሮ የፈጨ ድንጋይ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ገብስ መጀመሪያ አስፈጭተሽ ለሌላ ነገር አውዪው። ደቃቅ አድርጎ እንዲፈጭ ንገሪው፣ ቤት ገብተሽ በቀጭን ወንፊት ንፊው። ከ3 ኪሎው ገለባና ልጣጩ ወጥቶ 2.7 ገደማ ይቀርሻል፤ ለሁለቱ ልጆች በቀን 100 ግራም ያህል ብታወጪ ለአንድ ወር ይበቃል። ከአንድ ወር በላይ የሚሆን አታስፈጪ፤ እህሉ በፍሬው ሲቀመጥ ነው የሚቆየው።

ለትንሿ አንድ ጊዜ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ (20 ግራም ገደማ) በ140 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ ከዚያ እሳት ላይ ማድረግ። ዱቄቱን በፈላ ውኃ ላይ ከበተኑት ይጓጉላል፣ ውስጡም ጥሬ ይቀራል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1700 ሜትር ያህል ከፍ ስላለ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ፓኬት ላይ 5 ደቂቃ የሚል ሁሉ እዚህ ይረዝማል፤ ለቤት ምጥን ከ12 እስከ 15 ደቂቃ እያማሰሉ ማብሰል ነው።

የባቄላ አበባ፦

ገንፎው ከወፈረባት ውኃ አትጨምሪ፣ ብቅል ጨምሪ። የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ዱቄት ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ገንፎው ወርዶ ለብ ሲል (60 ዲግሪ አካባቢ) ጣል አድርገሽ 5 ደቂቃ ብታማስይው ስታርቹን ይፈታዋል፤ ወፍራሙ ገንፎ ዱቄቱ ሳይቀነስ ይቀጥናል። ከዚያ መልሰሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ አፍዪው፣ ምክንያቱም ብቅል በራሱ ጀርም ይዞ ነው የሚመጣው። የጠላ ብቅል ከገበያ አትግዢ፣ ብዙ ጊዜ ሻጋታ አለበት። ቤት ውስጥ 12 ሰዓት ዘፍዝፈሽ፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አብቅለሽ፣ አድርቀሽ፣ ሥሩን አሽተሽ አራግፈሽ አስፈጪ። የማሽላ ብቅል ግን ለልጅ አይሁን፤ ቡቃያው ሳያናይድ የሚፈጥር ነገር አለው።

ማድረቂያ ቤት፦

ስለ ስኳር ድንቹና ካሮቱ እኔ ልመልስ። ሐዋሳ አጠገብሽ ጥሩ ነገር አለ፤ ብርቱካናማ ሥጋ ያለው ስኳር ድንች። ኩልፎ የሚባለውን ዝርያ ጠይቂ፣ ካጣሽው ሌላ ብርቱካናማ ውሰጂ። ነጩ ለቫይታሚን ኤ አይረዳም፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ብርቱካናማው ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን የለውም።

ታጥቦ፣ ተልጦ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጥ፤ በእንፋሎት 4 ደቂቃ ይቆይ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ናቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ «ገለባ ገለባ ሸተተ፣ ነጣ» የሚሉት። በእንፋሎት ካልተመታ ኤንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፣ ቀለሙንም ሽታውንም ይበላዋል። ከዚያ ቁርጥራጩ እርስ በርስ ሳይነካካ በወንፊት ላይ ይደርደር። የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ካለሽ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ቶሎ ይለቅ ብለሽ 75 ላይ ብትጀምሪ ውጭው ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል፣ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይታሠራል፤ በዓይን ደርቋል፣ በሁለት ሳምንት ግን መሐሉ ይሻግታል።

ማድረቂያ ከሌለሽ ፀሐይ በቀጥታ አታስመቺው፤ ቤታ ካሮቲኑን ብርሃን ያጠፋዋል። ከላይ ጥቁር ጨርቅ ወይም ቆርቆሮ፣ ዙሪያውን አጎበር፣ ከሥር ነፋስ የሚያስገባ ክፍት፤ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ። ሐዋሳ ለዚህ የሚመቹት ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ናቸው። ከመጋቢት ጀምሮ ዝናቡ አይታመንም፤ አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ያላስገባሽው በሌሊቱ እርጥበት የቀኑን ሥራ መልሶ ይጠጣዋል።

መድረቁን የምታውቂው ቀዝቅዞ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው፤ ከታጠፈና ከተለመጠ ገና ነው። ትኩስ እያለ አትፈትኚው፣ ትኩስ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው። ከዚያ የብርጭቆ ብልቃጥ ሁለት ሦስተኛውን ሞልተሽ ለ7 ቀን በየቀኑ አንቀጥቅጪው። ክዳኑ ላይ ጤዛ ካየሽ ወደ ማድረቂያ መልሺው፤ ሻጋታ ካየሽ ሙሉ ብልቃጡን ጣዪው፣ «ይህቺን ቁራጭ ብቻ» ማለት አይቻልም። ከሳምንቱ በኋላ አስፈጪው ወይም በቤት መፍጫ ፍጪው። ከ4 እስከ 5 ኪሎ ትኩስ ስኳር ድንች 1 ኪሎ ደረቅ ይወጣዋል፤ ካሮት ግን ውኃው ብዙ ስለሆነ 10 ኪሎው ነው 1 ኪሎ የሚሰጥሽ። እኔ ብሆን ካሮት ትኩሱን እጠቀማለሁ፤ በዓመት ሙሉ ገበያ ላይ አለ፣ ልፋቱ አያዋጣም።

ዱቄቱን ጨለማ ቦታ አስቀምጪ፣ በሦስት ወር ጨርሺው። ከዚያ በኋላ መርዝ አይሆንም፤ ቫይታሚኑ ነው እየሸሸ የሚሄደው። አጠቃቀሙ አንድ የሾርባ ማንኪያ ምጥኑ ውስጥ ነው፤ ማንኪያ ዘይቱን አትርሺ፣ ቤታ ካሮቲን ያለ ስብ አይሠራም። ቤት ውስጥ የደረቀ ነገር ሁሉ መብሰል አለበት፤ 60 ዲግሪ ማድረቅ እንጂ ጀርም መግደል አይደለም።

ሽፈራው ቀላል ነው፦ ቅጠሉ ከግንዱ ተለይቶ ታጥቦ፣ ጥላ ላይ ሁለት ሦስት ቀን፣ በእጅ አሽቶ መንፋት። አረንጓዴነቱን መጠበቅ አለበት፤ ቡናማ ከሆነ ፀሐይ በልቶታል። ለትንሿ በቀን ሩብ የሻይ ማንኪያ ጀምሪ፣ ከግማሽ አትለፊ፤ ሲበዛ ይመርራል፣ ሆድም ያላላል።

የአቶቴዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ቡላ በወተት ልጄ ትወዳለች፤ ምጥኑን ይተካል? ሁለተኛ፣ የሐይቁን ዓሣ አድርቄ ብፈጨውስ? ሦስተኛ፣ ጠዋት አብስዬ ፔርሙዝ ውስጥ ብተወው ሞግዚቷ በቀን ሦስት ጊዜ ትሰጣለች?

ነርስ ከታቦር፦

ቡላ ስታርች ነው ማለት ይቻላል፤ ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ብረትና ዚንኩም እንደዚያው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በወተትና በቅቤ ስጪያት፣ የበሰለ እንቁላል ተፈጭቶ ቢገባበት ደግሞ እሰየው። የዕለቱን ምጥን ግን አይተካም። ጨጓራዋ ትንሽ ስለሆነ ቡላው በሞላው መጠን ምስሩና ሥጋው ቦታ ያጣል።

ማድረቂያ ቤት፦

ዓሣው ላይ ጥንቃቄ አለ። ከሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ለዚህ የሚሆነው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ቢልጫ ሲያድግ ሌሎች ዓሦችን ስለሚበላ ሜርኩሪ ያከማቻል፤ በሐይቁ ላይ የተደረገ ጥናት ያሳየውም ትልልቁ ቢልጫ ውስጥ መጠኑ ከፍ ማለቱን ነው። ለሕፃን ቢልጫ ይቅር። ከአሞራ ገደል (የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ) በጠዋት የወጣ ቆሮሶ ግዢና በዚያው ሰዓት ፊሌቶ አስወጪ። መጀመሪያ በእንፋሎት ሙሉ በሙሉ ይብሰል፣ አጥንቱ በጣት ይለቀም፣ ከዚያ ተበጣጥሶ 70 ዲግሪ ላይ እንደ ደረቅ እንጀራ እስኪሰበር ይድረቅ። ጥሬውን ማድረቅ አይሆንም፤ ጥገኛ ትልና ባክቴሪያ ሳይሞት ይቀራል፣ ዝንብም አይተወውም። ጨው ተነስንሶበት ደርቆ የሚሸጠውንም ተዪው፣ ጨዉ ለትንሿ ኩላሊት ከባድ ነው። የተፈጨው ስብ ስላለው ፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ አንድ ወር ይቀመጥ፤ በአንድ ገንፎ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። መጀመሪያ ስትሰጫት ከሌላ አዲስ ምግብ ጋር አትደባልቂው፣ ሦስት ቀን ለብቻው ይሞከር።

ገበታ ሐዋሳ፦

ስለ ፔርሙዙ፦ ገንፎ አይቀመጥበት። እህል ውስጥ በማብሰል የማይሞት ዘር ያለው ባክቴሪያ አለ፤ ባሲለስ ሴሪየስ ይባላል። ገንፎው ከ60 ዲግሪ በታች እየቀዘቀዘ ለሰዓታት ሲቆይ ይራባል፣ የሚተወውን መርዝ ደግሞ ዳግም ማሞቅ አያጠፋውም። የበሰለ ገንፎ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፣ ማንኪያዋ የነካው ትርፍም ለቀጣዩ ጊዜ አይቀመጥ።

ፔርሙዙን ለውኃ ተጠቀሚበት። ጠዋት የፈላ ውኃ ሞልተሽ ትተሽ ሂጂ፤ ቀድሞ በፋብሪካ የበሰለው የአጃ ዱቄት («ሳይበስል በሙቅ ውኃ» የሚል ፓኬት ላይ ያለው) በእሱ ይዘጋጃል። የቤት ምጥን ግን ጥሬ ነው፣ በፔርሙዝ ውኃ አይበስልም። ለእሱ ሌላ መንገድ አለ፦ ማታ ደረቁን በአንድ ጊዜ መጠን እየከፋፈልሽ በትንንሽ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች አስቀምጪ፤ 2 ማንኪያ ምጥን፣ 1 ማንኪያ ስኳር ድንች፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሽፈራው። ዕቃው ላይ «140 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ 15 ደቂቃ» ብለሽ ጻፊ። ሞግዚቷ መለካት አይኖርባትም። ዘይቱን አብረሽ አትጨምሪ፣ ደረቁን ያሻግተዋል፤ ጠርሙሱንና የሻይ ማንኪያውን ምድጃው አጠገብ አስቀምጪላት።

የምጥን ባለሙያ፦

በዚህ ላይ አንድ ብቻ፦ ክረምት ሲገባ የምታዘጋጂው መጠን የአንድ ሳምንት ይሁን። ዋናው ዱቄት የሚቀመጥበት ዕቃ በየቀኑ ሲከፈት የሐምሌው አየር ይገባበታል። ዱቄቱ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ ከቀረ እርጥበት ጠጥቷል፤ ደረቅ ዱቄት እጅ ሲከፈት ይፈርሳል። ገና ካልሸተተና ካልተቀየረ በሰፊ ምጣድ ላይ በዝግታ አሙቀሽ፣ አቀዝቅዘሽ መልሺው። ከሸተተ ወይም ድር የመሰለ ነገር ካየሽበት ይጣል፤ ለትልቁም አይሰጥ።